መናኛ ጨርቅ ፍለጋ ወደ መርካቶ

ከመርካቶ ስመለስ የመንደራችን ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፎቁ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፣ እውነት የዚያ ሌባ ጫማ ሳያስወልቅ ካልሲ ይሰርቃል ወይ የሚል ነበር። ፎቁን ቀና ብዬ ለማየት ጊዜ አላገኘሁም። ስለ ሌባው ግን ከዚህ በታች እመሰክራለሁ። የሄድኩበትን ጉዳይ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ሳልጠየቅ ልጻፈው።

ጉዳዩ የአባ አንሰልሞ ቀሚስ ነው። አባ ከጣልያን አገር መጥተው፣ ከሆሳዕና ማዶ በእኛ ደጋ ያረጁ የፍራንሲስካን መነኩሴ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ኋላም በትምህርት ቤታቸው መምህር ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ቀሚሳቸው ከመጣፉ ብዛት የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደሆነ እሳቸውም ዘንግተውታል። የማኅበራቸው አለቃ ለጉብኝት መጥተው ይህን ባዩ ጊዜ ቁርጡን ተናገሩ። በሚቀጥለው ስመጣ አዲስና ደህና ቀሚስ ለብሰው ካላገኘሁዎት፣ ራስዎን መጠበቅ አቅቶዎታል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ወስጄ አሳርፍዎታለሁ አሉ። አባ በበኩላቸው አዲሱን ቀሚስ እሺ፣ ነገር ግን ከመንደሩ ድሃ ልብስ የሚሻል ጨርቅ ገላዬን አይነካም አሉ። ሁለቱም ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰዎች አይደሉም። አባን ከዚህ መንደር ነቅሎ መውሰድ ደግሞ እሳቸውን መግደል ነው። ስለዚህ አለቃው አይተው የሚረኩበት፣ አባ ዳስሰው የሚረኩበት፣ አዲስና መናኛ ጨርቅ አምጣ ተብዬ ተላክሁ።

የአባ ግትርነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በደቡብ ፈረንሳይ ይኖር የነበረ አንድ የማኅበራቸው ሊቅ አላቸው። ስሙ ለአፍ ስለማይመች በእኛ ቤት «የአባ መነኩሴ» ነው የሚባለው። ገና በልጅነቱ ገዳም ገባ። ወንድሞቹ ምንም የእኛ የምንለው ንብረት አይኖረንም ብለው የማሉ ነበሩ። የሚበሉት፣ የሚለብሱት፣ የሚያድሩበት ቤት ሁሉ በጳጳሱ ስም ሆኖ እነሱ ይጠቀሙበታል እንጂ ባለቤት አይደሉም። የአባ መነኩሴ ታዲያ ወንድሞቹ በሰው ስም ጥሩ ጥሩውን ሲበሉ ቢያይ፣ በስም ብቻ ድሃ መሆን ምን ይረባል፣ አጠቃቀማችንም የድሃ ይሁን አለ። እንዲህ ያለ ሰው መቼም አይወደድም። ጽሑፎቹን ሰብስበው መረመሩት፣ ዝም አሰኙት፣ እንደገናም እንዲያስተምር ፈቀዱለት። ሲሞት ሕዝብ መቃብሩን አጨናነቀው፤ ዓመታት ቆይቶ መቃብሩ ፈርሶ አጥንቱ የት እንደተጣለ ጠፋ። አጭርና ሻካራ ቀሚሳችንን አናወልቅም ካሉት ተከታዮቹ መካከል በእሳት የተቃጠሉ አሉ። በጨርቅ ምክንያት! በእኛ አገር በጨርቅ የሚጣላው ባልና ሚስት ብቻ ነው ብዬ አባን ሳበሽቃቸው፣ «እሱም ቢሆን ቀላል ጠብ አይደለም» ይሉኛል።

ረቡዕ

ከሆሳዕና የተነሣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ቅቤዋን በኮባ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ፀሐይ ሲበረታ ቅቤው ባለቤቱን ጥሎ ወደ እኔ ሱሪ ተጓዘ። ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሌላው ሰው በገንዘቡ የሚገዛውን አንተ በነጻ አገኘህ ብላ አሳቀችብኝ።

ቡታጅራ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ትርፍ ጎማ አወረደ፤ እሱም የተነፈሰ ነው። ሾፌሩ ረዳቱን፣ ረዳቱ ጎሚስታውን፣ ተሳፋሪው ሦስቱንም እየረገመ አመሸና ከአላፊ መኪና ጎማ ተውሰን ቡታጅራ ገብተን አደርን። ያደርንበት ቤት አንድ አልጋ የሚከራየው ለሁለት ሰው ነው። ለእኔ የደረሰኝ ባልንጀራ በእንቅልፍ ልቡ በሬ የሚነዳ ገበሬ ሆነና ቂጤን ጅራፍ አስለመደው። የቤቱ ባለቤት ግን ደግ ሴት ናት። ሱሪዬን አይታ አውልቅ አለችኝ፤ በእንዶድ አጥባ፣ በፍም ካውያ አድርቃ ጠዋት ሰጠችኝ። ለዚህ ምንም አላስከፈለችኝም።

ሐሙስ

መርካቶ እኩለ ቀን ላይ ገባን። በእኛ ገበያ ሰው የሚመጣው ሰላም ለመባባል ነው፤ ጊዜ ከተረፈው ይገዛል። እዚህ ግን ሰላምታ የሚሰጥህ ሰው ሊሸጥልህ ነው። እኔ ይህን ስላላወቅሁ፣ ለጠራኝ ሁሉ ኮፍያዬን እያነሣሁ እንደምን ዋላችሁ ስል፣ ቤተሰቡን ስጠይቅ፣ ከአንድ ተራ ሳልወጣ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

የምፈልገው ሐጂ ሰይድን ነው። የመንደራችን ባለሱቅ የእሳቸው ደንበኛ ስለሆነ ወደ እሳቸው ነበር የላከኝ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ በጅምላ ይሸጣሉ። ቤታቸው አማኑኤል አካባቢ ነው ተብያለሁ። መንገድ ስጠይቅ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየላከኝ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ተገኘሁ። እዚያ አንድ ጨዋ ሰው ትከሻህ ላይ ኖራ አለ ብሎ ኮቴን አስወልቆ አራገፈልኝ። ሲያራግፍልኝ ጓደኛው ሰዓት ጠየቀኝ። ሰዓት የለኝም ብዬ ዞር ስል ኮቱም ጨዋውም የሉም። ካልሲዬ በቦታው ነበር፤ ለጠያቂዎቼ ይህን ነው የምመሰክረው።

ሐጂ ሰይድ በሸሚዝ የቆመ እንግዳ በራቸው ላይ ሲያዩ ምንም አልጠየቁም። «አብሽር፣ እኛንም ስንመጣ አዲስ አበባ እንዲሁ ነው የተቀበለችን» አሉና የራሳቸውን ኮት አመጡልኝ። ሱፍ ነው፤ ገበሩ ሐር ይመስላል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ቢባልም እኔን በጣም አደመቀኝ። ልብ በሉ፤ መናኛ ጨርቅ ልፈልግ መጥቼ በመጀመሪያው ቀን የባላባት ኮት ለበስኩ።

ራት ሌላ ጣጣ አመጣ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ የሐጂን ቤት ሥጋ አልበላም። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ይህን አስበው ጎረቤታቸው ያለችውን የክርስቲያን ሴት ዶሮ እንድትሠራልኝ ጠይቀዋታል። ጎረቤቲቱ መጥታ ደብሬን ጠየቀችኝ። ካቶሊክ ነኝ አልኳት። አሰብ አደረገችና፣ የእናንተን ሥርዓት በደንብ አላውቀውም፣ ሳላውቅ እንዳላስገድፍህ ብላ ለጥንቃቄ ሽሮ ላከች። እትዬ ዘሀራም ለጥንቃቄ ሽሮ ሠርተው ነበር። ሁለት ሽሮ ቀረበልኝ። የሦስት ሃይማኖት ሰው የተስማማበት ነገር ብዬ ሁለቱንም ጨረስኩ።

ዓርብ

ጠዋት ለሐጂ ጉዳዬን፣ የአባ መነኩሴንም ታሪክ ጨምሬ ነገርኳቸው። መናኛውን ጨርቅ ስጡኝ ስል ፊታቸው ተለወጠ። ከእኔ ሱቅ ሰው መጥፎ ጨርቅ ይዞ አይወጣም አሉ፤ ያውም ለሃይማኖት አባት! መደርደሪያው ላይ ወጥተው ቡናማ ሱፍ አወረዱ። እጅ ሲነካው የሚሞቅ ነገር ነው። ይህ ለአባትህ ከእኔ የተሰጠ ነው፣ ዋጋ እንዳታነሣብኝ አሉ። አባ አይለብሱትም ብል አኮረፉ። በእኛ መንደር ሰው ስጦታ ሲሰጥህ ሦስት ጊዜ አይሆንም ብለህ በአራተኛው ትቀበላለህ፤ እኔ በአራተኛውም አይሆንም ስላልኩ ባለጌ ሆኜ ነው የታየሁት።

ሌላ ሱቅ ልሞክር ብዬ ወጣሁ። ነጋዴው ሁሉ መጥፎውን አምጣ ስለው ጥሩውን ያመጣል። አንዱ ለእግዜር ሰው ክፉ ጨርቅ ሸጬ ልኰነን እንዴ አለኝ። ሌላው ዋጋ ልታስቀንስ የፈጠርከው ዘዴ ነው ብሎ፣ በዘዴው ተደንቆ ራሱ ዋጋ ቀነሰልኝ። ጆንያ ይሻላል ብዬ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ ቆርቆሮው ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ ሊሆን እየተቀጠቀጠ ነው። ባለ ጆንያውም ጆንያውን እየደበደበ፣ ይህ ውጭ አገር የሚላክ ቡና የታሸገበት አንደኛ ጆንያ ነው ሲል አመሰገነልኝ። እኛ ዘንድ መናኛ ነገር ሞልቶናል፤ መርካቶ ግን ፈልጌ አጣሁ።

ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ሐጂ ከጎረቤት ነጋዴዎች ጋር በር ላይ ተቀምጠዋል። እስኪ ያንን የፈረንጅ መነኩሴ ንገራቸው አሉኝ። ነገርኳቸው። ማኅበሩ ንብረቱን ሁሉ በጳጳሱ ስም አድርጎ ይጠቀምበት ነበር ስል አንዱ ጭኑን መታ። «እኔም እኮ ሱቁ በሚስቴ፣ ቤቱ በወንድሜ፣ መኪናው በልጄ ስም ነው። ለካ መንኩሻለሁ!» አለ። ተራው በሳቅ ፈረሰ። ይህንኑ ነበር መነኩሴው የተቃወመው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ይኸው መነኩሴ ስለ ንግድም ጽፏል፤ የዕቃ ዋጋ እንደ ችካል አንድ ቦታ የተተከለ አይደለም፣ ሰው ሁሉ በሚገምተው መካከል ከፍም ዝቅም ይላል፣ ነጋዴም ለድካሙ ትርፍ ይገባዋል ብሏል ስላቸው ግን ሁሉም ጸጥ ብለው አዳመጡ። ሰውየው ቅዱስ ነው ብለው ወሰኑ። ስለ ድህነቱ የማለውን ትተው ስለ ትርፍ የጻፈውን ያዙለት።

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ኩርፊያቸው ለቋቸዋል። ጓዳ ይዘውኝ ገቡና ሳጥን ከፍተው ሁለት ነጭ ጨርቅ አወጡ። ስፌት የለውም፣ ጥለት የለውም፤ ከተራ አቡጀዲ አይለይም።

«መካ ስሄድ ይህን ነው የለበስኩ» አሉ። «በቀኝ በኩሌ የቆመው የቱጃር ልጅ ነበር፣ በግራዬ ያለው ለምኖ የመጣ። ሁላችንም ይህንኑ ነው። ወላሂ፣ ዕድሜዬን ጨርቅ ሸጬ ያን ቀን ነው ልብስ የለበስኩ። ስሞትም ይህን ነው የምለብስ።»

ከዚያ አጣጥፈው እየመለሱት፣ አባትህ በቁሙ ይህን ለመልበስ ነው የፈለገ፣ ስሰማህ እኮ አልገባኝም ነበር አሉ። እኔ ዓይኔ እንባ አቀረረ። የአባን ሐሳብ እንዲህ ቶሎ የተረዳ ሰው በማኅበራቸውም ውስጥ አላየሁም።

ቅዳሜ

ሐጂ በማለዳ መጋዘን ወሰዱኝ። ከጭነት መኪና የጨርቅ ቦንዳ እየወረደ ነው። ቦንዳው የሚጠቀለልበት ቡናማ ወፍራም ጨርቅ አለ፤ ሻካራ ነው፣ ግን ጠንካራ፣ ንጹሕ፣ አዲስ። ይሄውልህ አሉኝ። እኔ በደስታ ልዘል ስል ያዙኝ። «እኔ ግን ልሰጥህ አልችልም፤ የእኔ አይደለም።»

የተራው ደንብ እንዲህ ነው፦ ባለሱቁ ቦንዳውን ፈትቶ ጨርቁን ያስገባል፤ መጠቅለያው ላወረደው ተሸካሚ ይቀራል። ማንም ሀብታም ይህን አይነካም። የዕለቱ ባለ መጠቅለያ ተካ የሚባል ጎልማሳ ተሸካሚ ነበር። ጠራነው። እሱ መጠቅለያውን ቤት እየወሰደ ሚስቱ ለልጆቹ ምንጣፍና መደረቢያ ትሰፋዋለች። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ድሃ መምሰል ለሚፈልግ ሰው ብዬ ከእውነተኛው ድሃ ልጆች ላይ ልገፍ ነው? አባ ቢሰሙ ቀሚሱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያቃጥሉት።

ያን ጊዜ ሱፉ ትዝ አለኝ። ሐጂ ለአባ የሰጡት ነው፤ አባ ደግሞ የተሰጣቸውን ሁሉ ለሌላ ነው የሚሰጡት። ሱፉን ላንተ፣ መጠቅለያውን ለእኔ አልኩት። ተካ ሐጂን አየ፣ እኔን አየ፣ የለበስኩትን ኮት አየ። ምን ያለ ተንኮል ነው ብሎ ሐጂን ጠየቃቸው። ተንኮል የለበትም፣ ትንሽ ነክቶት እንደሆነ ነው እንጂ አሉት። ሱፉን ስንሰጠው ግን ሳይቀበል እጁን ወደኋላ አደረገ።

«ሐጂ፣ ይህን በጀርባዬ ተሸክሜ ብሄድ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም» አለ። «የራሴ ነው ብዬ በብብቴ ይዤው ብሄድ ግን ፖሊስ ይይዘኛል።»

ስለዚህ ሦስታችን አብረን ሄድን። ሐጂ ከፊት፣ ተካ ሱፉን በብብቱ ይዞ መሐል፣ እኔ መጠቅለያውን ተሸክሜ ከኋላ። በመንገዱ ላይ ያየን ሁሉ ያፈጠጠው በእኔ ላይ ነው፤ በሐር ገበር ኮት ሸክም የተሸከመ ሰው ስላልተለመደ። የተካ ሚስት ሱፉን ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ በጥርጣሬ አየችኝና፣ ወንድሜ፣ ነገ ትመጣና መልሱ ትለን ይሆን አለችኝ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሰኞ

ልብስ ሰፊው ስለ ጨርቁ ምንም አላለም፤ ስለ ኪስ ግን ተጨቃጨቅን። ኪስ የሌለው ቀሚስ ስለው፣ ታዲያ ሰውየው እጁን የት ያደርጋል አለኝ። የሚከተው ገንዘብ የለውም ብል፣ ገንዘብማ እኔም የለኝም፣ ኪስ ግን አለኝ አለ። በመጨረሻ ያለ ኪስ ሰፋው፤ የተናደደበትን ያህል አሳምሮ ሰፋው። በመጠቅለያው ላይ የታተሙትን ጥቁር የፈረንጅ ፊደሎች ሁሉ ወደ ውስጥ አዞራቸው። ስሄድ ኮቱን ልመልስ ብል ሐጂ ተቆጡኝ፤ እትዬ ዘሀራ ስንቅ ሰጡኝ፤ ጎረቤቲቱም ሰጠችኝ። የሁለቱም በሶ ነበር።

መንደር

አባ ቀሚሱን ዳሰሱትና እንደ ልጅ ሳቁ። ስለ ተካ ስነግራቸው አስደገሙኝ። ሱፉ ደረሰው አይደል፣ ደረሰው አይደል እያሉ ጠየቁኝ። ለብሰውት ወጡ።

ያላሰብነው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አለቃው የሚመጡበት ቀን የተቃረበበት ሰሞን ነው። በየሳምንቱ ዱቄት ሊወስዱ የሚመጡት ባልቴቶች አባን ሲያዩ አጥር ላይ ቆሙ። አንዷ እማማ አበበች የሚባሉ ደፍረው ጠጋ አሉና ልብሱን ሳይነኩ፣ የመርካቶ ነው አይደል፣ እሰይ፣ አለፈልዎ አሉ። ከዚያ እጅ ነሥተው ወደኋላቸው ሄዱ። የአባን እጅ ይዘው ነበር የሚያወሩት፤ ያን ቀን አልያዙም። በመርካቶ ኩሊ የሚያነጥፈው ጨርቅ እዚህ የጌታ ልብስ ሆነ። አባ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ማግስቱን በየቤቱ እየዞሩ ቁራጭ ጨርቅ ለመኑ። ከጋቢ፣ ከነጠላ፣ ከቡልኮ ጫፍ። ባልቴቶቹ ራሳቸው መርፌ ይዘው መጡና በአዲሱ ቀሚስ ላይ እየሳቁ ጣፉት። እኔ ተቆጣሁ፤ አልደብቅም። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት እርስዎ እንዳይወሰዱብኝ ነው፣ አሁን በገዛ እጅዎ ሊሄዱ ነው አልኳቸው። ከጎረቤቶቼ የሚለየኝ ልብስ ለብሼ እዚህ ከምቀመጥ፣ ያው ሄጃለሁ ማለት ነው አሉኝ።

አለቃው እሑድ መጡ። መኪናቸውን አስቁመው አባን ከላይ እስከ ታች አዩ። ይህ ነው አዲሱ አሉ። አባ አንገታቸውን ደፉ። አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ በሐዘን ነበር የተናገሩት። ዕቃዎን ያሰናዱ አሉ። ዕቃ እንደሌላቸው ያውቃሉ።

ያን ጊዜ ከተሰበሰበው የመንደር ሰው መካከል አቶ ኤርጊቾ ተነሡ። ዕድሜያቸውን በመሬት ክርክር ያሳለፉ፣ ከሆሳዕና ፍርድ ቤት ደጅ የማይጠፉ ሽማግሌ ናቸው። ዱላቸውን ተከሉና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አባቴ፣ ይውሰዷቸው፤ እኛ አንከለክልም። ልብሱ ግን የእሳቸው አይደለም። ጨርቁ ከአንድ ተሸካሚ የመጣ ነው፤ ጥፍጣፊው የየቤታችን ነው። ይህ የእማማ አበበች ጋቢ ነው፣ ይህ የእኔ ቡልኮ። አባ ተውሰውን ነው የለበሱት። ንብረታችንን አስረክበውን ይሂዱ።»

አለቃው ወደ አባ ዞሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ስለሆኑ ክርክሩ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። አለቃውም፣ ባለቤቶቹ ካልፈቀዱማ ምን ላድርግ አሉና ወደ መኪናቸው ገቡ።

መንደሩ እልል አለ። አባ ብቻ እዚያው እንደቆሙ የእማማ አበበችን ጥፍጣፊ በእጃቸው ይዘዋል። ምነው አባ አልኳቸው። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ በእንግድነት ነው የኖርኩት፣ ለካ ባለቤት አለኝ አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን ብዬ እደብቃለሁ።